ወንድ ልጅ ምን ብሎ ይዘፍናል?

ዛሬ የምጽፈው ረዘም ይላል። ቡና ያፈላችሁ ስኒያችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ፤ ያላፈላችሁም ችግር የለም፣ ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ነገሩ ስለ ዘፈን ነው፤ ስለ ወንድነትም ነው። መሀል ላይ ስትደርሱ «ይሄ መምህር ደሞ ምን ነካው?» የምትሉበት ቦታ አይጠፋም። እዚያ ጋ ጥላችሁ እንዳትወጡ አደራ። ስድብም ካለ ምርቃትም ካለ፣ አንብባችሁ ስትጨርሱ ይድረሰኝ።

ጥያቄዬ ቀላል ነው። አንድ ወንድ ልቡ ሲሞላ ምን ብሎ እንዲዘፍን ነው የተፈቀደለት? ማነው የፈቀደለት? የተፈቀደለት ዜማ ለጉሮሮው ካልተስማማውስ?

የምኖረው ካንጋተን ነው። ለማታውቋት፣ ካንጋተን የኛንጋቶም ወረዳ ከተማ ናት፤ ከኦሞ ወንዝ በስተ ምዕራብ። ወደ ደቡብ ብትሉ ኬንያ፣ ወደ ምዕራብ ብትሉ ደቡብ ሱዳን። ሙቀቱን አልነግራችሁም፣ መጥታችሁ እዩት። ተወልጄ ያደግሁት ጂንካ ነው፤ እዚህ የመጣሁት አማርኛ ላስተምር ነው። ዲፕሎማ ይዤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ መቆሜን የሚያነሱብኝ አሉ፣ እሱን ሌላ ቀን እናወራዋለን። ዛሬ የማወራው ላስተምር መጥቼ ስለተማርኩት ነገር ነው።

እዚህ አገር ወንድ ለበሬው ይዘፍናል።

ቀልድ እንዳይመስላችሁ። አንድ የኛንጋቶም ወጣት ከመንጋው መሀል ለይቶ የሚወደው በሬ አለው። የበሬው ቀለም፣ ዝንጉርጉርነቱ፣ የቀንዱ አወጣጥ ሁሉ በቃል የተያዘ ነው። ወጣቱ ራሱ ከዚያ በሬ መልክ የወጣ ስም ይኖረዋል፤ ጓደኞቹ በሱ ይጠሩታል። ቀንዱ ቅርጽ እንዲይዝ ይገራል፣ አንገቱ ላይ ቃጭል ይንጠለጠላል። ጭፈራ ሲደራ ወጣቱ ሁለት እጁን እንደ በሬው ቀንድ ወደ ላይ ዘርግቶ ይዘፍናል። ይሄ ነገር የኛንጋቶም ብቻ አይደለም። በቋንቋ ዘመዶቻቸው የሆኑት ቱርካናዎች፣ ቶፖሳዎች፣ ካራሞጆንጎችም እንዲሁ ናቸው። ሙርሲዎችና ቦዲዎች ደግሞ ሌላ ቋንቋ ይናገራሉ እንጂ የከብት ቀለም እውቀታቸው አጥኚዎችን ሁሉ ያስገረመ ነው።

አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ስለ ቃል ግጥም ሳስተምር አንዱ ተማሪ እጁን አወጣ። «መምህር፣ እናንተ ደሞ ለምንድነው የምትዘፍኑት?» አለኝ። «ብዙውን ጊዜ ለሴት» አልኩት። ትንሽ አሰበና «ሴትማ ታስቀይማለች፣ ትሄዳለች። በሬ አያስቀይምም» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ሴቶቹ ተማሪዎች ግን አልሳቁም።

እኔን ያስገረመኝ ሌላ ነው። ያ የሚዘፈንለት፣ የወንድነት መለኪያ የሆነው በሬ፣ ሰንጋ ነው። የተኮላሸ ነው። አይወልድም፣ አያስወልድም። ወንድነት ማለት ዘር መዝራትና ጉልበት ነው ለምንል ለእኛ ይሄ እንዴት ይዋጥልናል? እዚህ ግን ማንም ግር አይለውም። ወንድ የሚያሰኘው ውበትን ማወቅ ነው። መንከባከብ ነው። አንድን ነገር ወድዶ፣ መውደዱን በሰው ፊት ጮክ ብሎ መናገር ነው። በሬው ሲሞት ጉልበት ያለው፣ ጠመንጃ የያዘ ጎረምሳ ሲያለቅስ በዓይኔ አይቻለሁ። ማንም «ወንድ አይደለህም እንዴ?» አላለውም።

ጠመንጃ ካልኩ አይቀር፣ የወንድነት ሌላኛው ፊትም አለ። ኛንጋቶሞችን ለብዙ ዓመታት ያጠና ሰርጅ ቶርናይ የሚባል ፈረንሳዊ አለ። እ.ኤ.አ. በ2001 ያሳተመው መጽሐፍ ርዕሱ «ቢጫዎቹ ጠመንጃዎች» ነው። የሕዝቡ ስም ድሮ «ዝሆን በሊታዎች» የሚል ትርጉም እንደነበረውና ኋላ ቢጫ ጠመንጃ ወደሚል እንደዞረ ይተርካል። ዝሆኖች፣ ሰጎኖች፣ ድኩላዎች፣ ጎሾች እየተባሉ ስለሚጠሩት ትውልዶችም ጽፏል። የአባትህ ትውልድ ሥልጣኑን እስካልለቀቀ ድረስ ጸጉርህ ቢሸብትም አንተ ገና «ልጅ» ነህ። እዚህ ወንድነት በልደት ሠርተፍኬት አይገኝም ማለት ነው።

እስቲ ከካንጋተን ወጣ እንበል። ደቡብ ኦሞን ዞር ዞር ብሎ ያየ ሰው ወንድነት አንድ ብቻ ነው ብሎ ሊከራከር አይችልም። ሐመር ጋ ልጁ ወንድ ሊባል ራቁቱን ሆኖ በተደረደሩ ከብቶች ጀርባ ላይ ይሮጣል። ሙርሲ ጋ በዶንጋ፣ በረጅም ዱላ ይጋጠማል። ቦዲ ጋ ደግሞ ለካኤል በዓል የሚዘጋጀው ወንድ ለወራት ወተትና ደም እየጠጣ ይወፍራል፤ ሆዱ የተቆዘረው፣ ለመራመድ የሚቸገረው ነው የሚደነቀው። ያንን የቦዲ ጀግና አዲስ አበባ ጂም ቤት በር ላይ ብታቆሙት ይሳቅበታል። የጂም ቤቱን ጀግና ቦዲ መሀል ብታቆሙት «ይሄ ምስኪን ምን አጥቶ ነው እንዲህ የከሳው?» ይባላል። መንገዱ ቢሠራ የአንድ ቀን መንገድ አይሞላም በመካከላቸው። ወንድነት ግን ተገልብጦ ይጠብቃችኋል።

አሁን ወደ ራሴ ቤት ልምጣ። አባቴ ከጎጃም በወታደርነት መጥቶ ጂንካ የቀረ ሰው ነው። ሰርግ ላይ ጠጅ ቀመስ ሲያደርግ ተነስቶ ይፎክር ነበር። «ዘራፍ!» ሲል ቤቱ ይንቀጠቀጣል፤ እኛ ልጆቹ በኩራት እንፈነዳለን። ፉከራና ሽለላ የወንድ ዘፈን ነው። ገዳይነቱን፣ ዘሩን፣ አልሞ መምታቱን የሚናገርበት ነው። ቆንጆ ነገር ነው፤ አልዋሽም፣ አሁንም ስሰማው ጸጉሬ ይቆማል። ግን አስቡት፣ አባቴ በሰው ፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚናገርበት ብቸኛ መንገድ እሱ ነበር። እናቴ የሞተች ጊዜ እንባ አልወጣውም። ለቀስተኛው ሲሄድ ከጓሮ ገብቶ እስኪመሽ እንጨት ሲፈልጥ ሰማነው። ማንም የማይፈልገውን እንጨት።

አባቴ በሰው ፊት ሲያለቅስ ያየሁት አንድ ጊዜ ነው። በ2001 ዓ.ም. ፋሲካ ዕለት፣ ሚያዝያ 11፣ ጥላሁን ገሠሠ አረፈ። ወሬውን ስንሰማ አባቴ ሬዲዮኑ ሥር ተቀምጦ እንደ ልጅ ተንሰቀሰቀ። ጎረቤት ገብቶ አየው፣ አላፈረም። ያኔ ነገሩ አልገባኝም። ዛሬ ሳስበው ጥላሁን ራሱ መድረክ ላይ ሲዘፍን የሚያለቅስ ሰው ነበር። ጎበዝ፣ መልከ መልካም፣ የክብር ዘበኛ ዩኒፎርም ያደረገ፣ ማንም በወንድነቱ የማይጠረጥረው ሰው፣ ሺህ ሰው ፊት እንባውን ያወርድ ነበር። አባቴ ያን ቀን ያለቀሰው ለጥላሁን ብቻ አልመሰለኝም። ለእናቴ ያላፈሰሰውን ነው ያፈሰሰው። ጥላሁን ፈቃድ ሰጠው።

የዘፋኝ ሥራ እሱ ነው መሰለኝ፤ ለሰው ልጅ ፈቃድ መስጠት።

እሺ፣ አሁን «ምን ነካው?» የምትሉበት ቦታ ደርሰናል።

አንድ አብሮ አደጌ በቴሌግራም አንድ አልበም ላከልኝ። ኔትወርኩ እንደምታውቁት ነው፤ ሁለት ሌሊት ፈጅቶ ወረደ። የአልበሙ ስም «ሴት ማይ ሃርት ኦን ፋየር ኢሚዲየትሊ» ይላል፤ ወደ አማርኛ ብንመልሰው «አሁኑኑ ልቤን በእሳት አቀጣጥለው» እንደማለት ነው። ዘፋኙ ማይክ ሃድሬስ የሚባል አሜሪካዊ ነው፤ የመድረክ ስሙ ፐርፊዩም ጂኒየስ። አምስተኛ አልበሙ ነው፣ 13 ዘፈን አለው፣ ግንቦት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው የወጣው፤ ዓለም በኮሮና ቤቱን የዘጋ ሰሞን። ሰውየው የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ ነው፤ ይህንንም በግልጽ የሚናገር ነው።

ቁጭ በሉ፣ አልጨረስኩም።

የአልበሙ ሽፋን ላይ ደረቱን ገልጦ፣ ገላው ቆሽሾ ቆሟል። ከጋራዥ ወይም ከግንባታ ሥራ የወጣ ሰው ነው የሚመስለው። ሆን ብሎ ነው። የአሜሪካንን የ«እውነተኛ ወንድ» ምስል ለብሶ፣ «ይሄ ልብስ ለእኔስ ልኬ ነው?» ብሎ እየጠየቀ ነው። ዘፈኖቹም እንደዚያው ናቸው። አንዱ ላይ ጊታሩ እንደ ገልባጭ መኪና ያጓራል፤ በዚያ ጩኸት መሀል ድምፁ ለስላሳ ሆኖ ይመጣል። አንዱ ላይ ድምፁን ወደ ታች አውርዶ እንደ ድሮዎቹ ወንዳወንድ ዘፋኞች ያንጎራጉራል፤ ቀጥሎ ደግሞ ወደ ላይ አውጥቶ ሴት ነው ወንድ ነው እስክትሉ ያቀጥነዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 ከአንዲት የዳንስ ባለሙያ ጋር አብሮ መድረክ ላይ ይጨፍር ነበር፤ ያ የገላ ሥራ አልበሙ ውስጥ ይሰማል። ሙዚቃው ፖፕ ነው፣ ግን ፖፕ ከለመደው መንገድ ወጥቶ ይቅበዘበዛል።

ለእኔ ጆሮ ከቋንቋው በላይ ዜማው ነው የገባኝ። የሰማሁት ነገር ምንድነው? አንድ ሰው የተሰጠውን ወንድነት እየለካ፣ አንዱን ክፍል እየወደደ፣ አንዱን እያወለቀ፣ አንዱ ላይ እየሳቀ ሲዘፍን። አባቴ ከጓሮ እንጨት ሲፈልጥ የነበረውን ድምፅ ነው የሰማሁት፤ ይሄኛው ግን ወደ ዜማ ለውጦታል።

በነገራችን ላይ በዚያው ቀን፣ ግንቦት 7፣ ሞዝስ ሰምኒ የሚባል ሌላ ዘፋኝ «ግሬ» የሚል አልበሙን ሁለተኛ ክፍል አውጥቷል። ወላጆቹ ጋናውያን ፓስተሮች ናቸው፤ ልጅነቱን በከፊል አክራ ነው ያሳለፈው። የአልበሙ ስም ግራጫ ከሚለው ቃል የመጣ ነው፤ ጥቁርም ነጭም ያልሆነ። እዚያ ውስጥ ወንዳወንድነትን በስሙ ጠርቶ የሚሞግት ዘፈን አለው። ስለዚህ ጥያቄው የፈረንጅ ብቻ አይደለም። አክራ ያደገ የፓስተር ልጅም ይጠይቀዋል።

ስለ ሃድሬስ ሳነብ አንድ ነገር ላይ ቆምኩ። ልጅ ሳለ በትምህርት ቤቱ እሱ ብቻ ነበር ማንነቱን ያልደበቀው። የግድያ ዛቻ ይደርሰው ነበር። የመጨረሻው ዓመት ላይ ትምህርቱን ጥሎ ወጣ።

መምህር ነኝ። «ትምህርቱን ጥሎ ወጣ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር እንደ ሌላው ሰው አላነበውም።

ከዓመታት በፊት፣ ሌላ ከተማ ሳስተምር፣ ዘጠነኛ ክፍል ውስጥ አንድ ልጅ ነበረኝ። ከተማውንም ትምህርት ቤቱንም አልጠራም። ግጥም ሲያነብ የሚያስደምም ልጅ ነው። ቃሉን ያጣጥመዋል፣ የት መቆም እንዳለበት ያውቃል። ድምፁ ግን ቀጭን ነው፤ ሲራመድም ቀስ ይላል፣ እናቱን ውሃ በመቅዳት ያግዛል። በቃ፣ ወንጀሉ ይሄ ብቻ ነው። «ሴታሴት» አሉት። ቀጥሎ ከፌስቡክና ከቲክቶክ የለቀሙትን ሌሎች ስሞች ለጠፉበት። ሲያነብ ያጉረመርማሉ። እኔ እያለሁ ዝም ይላሉ፣ ስወጣ ይጀምራሉ። አስጠነቀቅሁ፣ ቀጣሁ፣ ወላጅ አስጠራሁ፤ አንዱ ወላጅ መጥቶ «መምህር፣ ልጁ ራሱ ጠንከር ቢል አይሻልም?» አለኝ። ከሁለተኛው ሴሚስተር በኋላ ልጁ አልመጣም። ግጥሙም አብሮት ቀረ።

ያ ልጅ ምን እንደሆነ፣ ማንን እንደሚወድ አላውቅም፤ ያሾፉበት ልጆችም አያውቁም። ማወቅም አልፈለጉም። ድምፁ ቀጭን ስለሆነ ብቻ ፈረዱበት። እኔን የሚያስጨንቀኝ ይሄ ነው፤ «ወንድ አይደለህም» የሚለው ዱላ ሲወነጨፍ የሚመታው የተባለውን ሰው ብቻ አይደለም። ግጥም የሚወደውን፣ ቶሎ የሚያለቅሰውን፣ እናቱን የሚያግዘውን፣ መደባደብ የማይወደውን ሁሉ ይመታል።

«ሕጉስ?» ትሉኛላችሁ። አውቀዋለሁ። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 በተመሳሳይ ፆታ መካከል የሚፈጸምን ግንኙነት ወንጀል ያደርጋል። የሃይማኖት አባቶቻችን የሚሉትንም አውቃለሁ። ማንንም ወደ ምንም እየጠራሁ አይደለም። እኔ የያዝኩት ሌላ ጥያቄ ነው፤ «ይሄ ነገር ትናንት ከፈረንጅ የመጣ ነው» ብለን የዘጋነውን በር ትንሽ ገርበብ አድርጌ ማየት ፈለግሁ። ያየሁት ደሞ ሩቅ አይደለም፣ እዚሁ ዞናችን ውስጥ ነው።

ማሌን ታውቃላችሁ፤ የአሪ ጎረቤት ናቸው። ዶናልድ ዶንሃም የሚባል አሜሪካዊ አጥኚ በአብዮቱ ሰሞን እዚያ ተቀምጦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመው መጽሐፍ «አሽቲሜ» ስለሚባሉ ሰዎች ጽፏል። ወንድ ሆነው ተወልደው እንደ ሴት የሚለብሱ፣ የሴት ሥራ የሚሠሩ፣ የራሳቸውን ቤት የሚያስተዳድሩ፣ ከወንዶች ጋርም ይተኙ እንደነበር የተነገረላቸው ናቸው። ከንጉሡ፣ ከካቲው፣ ጥበቃ ነበራቸው፤ በቤተ መንግሥቱም ሥርዓት ውስጥ ቦታ ነበራቸው። ዶንሃም በደረሰበት ጊዜ ያገኘው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ድሮ ግን ብዙ እንደነበሩ ተነግሮታል። ያ ሰው ስለ ራሱ ያለው ነገር ከልቤ አልወጣም። ወንድ ብሆን ኖሮ አግብቼ እወልድ ነበር፣ ሴትም ብሆን አግብቼ እወልድ ነበር፣ እኔ ግን ፈጣሪ ጠማማ አድርጎ ፈጠረኝ፣ ከሁለቱም አልሆንኩም የሚል ነው ሐሳቡ።

የማሌ ወዳጆቼ እንዳትቀየሙኝ፤ ይሄን ያነሳሁት ማንንም ለማሳፈር አይደለም። እንዲያውም በተቃራኒው ነው። ያ ሰው ሐዘን ነበረበት፣ ጠማማ ነኝ ብሏል፤ ሕይወቱ ቀላል ነበር አልልም። ግን ስም ነበረው። ቤት ነበረው። የሚያስጠጋው ነበረው። የማሌ አባቶች ሁሉም ወንድ አንድ ዓይነት እንደማይሆን አውቀው፣ ለማይመጥነው ሰው ማረፊያ አዘጋጅተው ነበር። እኛ ዘጠነኛ ክፍል ተምረን፣ ስማርት ስልክ ይዘን፣ ግጥም ለሚያነብ ልጅ አንድ ወንበር ነፈግነው።

አማርኛችንን ራሱን እዩት እስቲ። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» ያለ ቋንቋ ነው። ጠንካራ ሴት ስናገኝ «እሷማ ወንድ ናት» ብለን እናመሰግናለን፤ ደካማ ወንድ ስናገኝ «ሴት» ብለን እንሰድባለን። ምስጋናውም ስድቡም ሴቷ ላይ ነው የሚወድቀው። ይሄ ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽስ? እናት ልጇን ስታቆላምጥ ወንዱን «ነይ የኔ እናት»፣ ሴቷን «ና የኔ ጌታ» ስትል አልሰማችሁም? ጓደኛ ጓደኛውን በፍቅር «አንቺ» ሲለው? ፍቅር ሲበዛ አማርኛ ፆታ ያቀያይራል። ይሄን ከፈረንጅ አልተማርነውም፤ የአያቶቻችን ቋንቋ ነው። ቋንቋችን ከእኛ በላይ ለስላሳ ነው።

ልማዳችንም እንደዚያው ነበር። ጂንካ ቅዳሜ ገበያ ሁለት ሽማግሌዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲሄዱ ማየት የተለመደ ነው። ጓደኛሞች ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ይቀመጣሉ፣ ጉንጭ ለጉንጭ ይሳሳማሉ፣ አንድ አልጋ ላይ ያድራሉ። ፈረንጆች መጥተው ሲያዩ ይገረማሉ፤ እነሱ አገር ወንድ ለወንድ እጅ መያያዝ ሌላ ትርጉም ስላለው። የሃድሬስን አልበም ስሰማ ያሰብኩት አንዱ ነገር ይሄ ነው። የዚያ ሰውዬ ዘፈን ውስጥ የሚሰማው የመነካት ናፍቆት፣ ገላ ለገላ መጠጋት፣ እኛ ጋ የተማሪ ወግ ነበር።

«ነበር» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። በ2015 ክረምት ቲክቶክ ላይ የተነሳውን ዘመቻ ታስታውሳላችሁ። ነሐሴ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ሆቴሎችና መዝናኛ ቤቶች እንደሚፈተሹ የከተማው አስተዳደር አሳወቀ፤ ሕዝቡም ጥቆማ እንዲሰጥ ተጠየቀ። አዲስ አበባ ከእኛ ሩቅ ነው፤ ፍርሃቱ ግን በስልክ ነው የሚጓዘው፣ መንገድ አይፈልግም። ከዚያ ወዲህ ጂንካ ስሄድ ልጆቹ ተለውጠዋል። እጁን የዘረጋ ጓደኛ «ተው እንጂ፣ ሰው ምን ይላል?» ይባላል። ሁለት ልጆች ተቃቅፈው ፎቶ ከተነሱ ከሥሩ የሚጻፈውን ታውቁታላችሁ።

ነገሩ ግርም አይልም? «የፈረንጅ ነገር እንዳይገባብን» ብለን ተነስተን፣ ያስገባነው የፈረንጅን ፍርሃት ነው። የጣልነው የራሳችንን ነው፤ እጅ መያያዙን፣ ትከሻ መደገፉን፣ ለጓደኛ «ናፍቀኸኛል» ማለቱን። አንዳንዱ ልጅ ዛሬ ጓደኛው እንደናፈቀው ለመናገር መጀመሪያ መሳደብ አለበት፣ ስድቡ ውስጥ ደብቆ እንዲያስተላልፈው። ሌላ መንገድ አልተውንለትም። ያኔ የሚቀረው ምንድነው? ፉከራው ብቻ ይቀራል። ጠመንጃው ብቻ ይቀራል። እዚህ ድንበር ላይ ስኖር ጠመንጃ ብቻ የቀረው ጎረምሳ የት እንደሚደርስ አይቻለሁ፤ ለከብት ወጥቶ ያልተመለሰ ተማሪ አለኝ። የተመለሰም አለኝ፤ ተመልሶ ግን ማታ እንቅልፍ የሌለው፣ የሚያወራለትም ሰው የሌለው።

ክፍል ውስጥ የማደርገውን ልንገራችሁና ላብቃ። አልበሙን ተማሪዎቼን አላሰማኋቸውም፣ አላሰማቸውምም፤ ሕጉንም ወላጆቻቸውንም አከብራለሁ። ግን የመጻፍ ትምህርት ላይ አንድ ሥራ እሰጣለሁ። «አባታችሁ ወይም ወንድማችሁ የሆነ ነገር አጥብቆ ሲወድ ያያችሁበትን ቀን ጻፉ» እላቸዋለሁ። ጀግንነቱን አልጠይቅም፣ መውደዱን ነው።

የሚመጣውን ብታዩ! አንዱ አባቱ የታመመ ጥጃ ይዞ ሌሊቱን ሲያድር ጻፈ። አንዷ ወንድሟ ለትንሿ እህቱ ጸጉር ለመሥራት ሲታገል ጻፈች። አንዱ የአጎቱ በሬ ሲሞት አጎቱ ለሦስት ቀን እንዳልተናገረ ጻፈና መጨረሻው ላይ «አጎቴ ትልቅ ሰው ነው» ብሎ ዘጋው። ያንን «ትልቅ ሰው» የሚለውን ቀይ እስክሪብቶ አላስነካሁትም። ሲነበብ ማንም አላጉረመረመም። ኛንጋቶሙ፣ ሐመሩ፣ አማራው፣ አሪው ጸጥ ብሎ ሰማ። ልጆቹ ይሄን ነገር ያውቁታል ማለት ነው። ጸጥታ ስጧቸው እንጂ አዲስ ነገር ማስተማር አያስፈልጋቸውም።

እኔ እንደገባኝ ወንድነትን በደንብ የሚያየው ልኩ ያልሆነለት ሰው ነው። ጫማ የሚመችህ ከሆነ ጫማ ማድረግህን ትረሳለህ። የሚቆረጥምህ ከሆነ ግን የስፌቱን መስመር ሁሉ ታውቀዋለህ። ሃድሬስ ስፌቱን ዘፈነው። የማሌው ሰው ስፌቱን ተናገረው። ከዘጠነኛ ክፍል የወጣው ልጅ ዕድሉን ቢያገኝ ግጥም አድርጎ ያነብልን ነበር። እነሱን መስማት እነሱን መሆን አይደለም። ጥላሁንን የሰማ ሁሉ ጥላሁን አልሆነም፤ ግን አባቴ አለቀሰ።

ያ ልጅ ድንገት ይሄን ካነበብክ፦ ድምፅህ ምንም አልነበረበትም። ስታነብ የክፍሉ ግማሽ የሚያጉረመርመው ሌላው ግማሽ እየሰማህ ስለነበረ ነው። እኔም እየሰማሁ ነበር።

እናንተስ? እናንተ አካባቢ ወንድ ልጅ ልቡ ሲሞላ ምን ብሎ ይዘፍናል? አባቶቻችሁ ምን ሲያንጎራጉሩ ሰማችሁ? ከታች ጻፉልኝ፣ አንድ በአንድ አነባለሁ፤ ኔትወርኩ ከፈቀደ።

ከካንጋተን፣ ሰላም እደሩ።